ከጠመንጃው በፊት አረሩን ምረጡ

(ከአደን ወቅት መክፈቻ በፊት፣ ዴንቨር ውስጥ በተደረገው የሐበሻ አዳኞች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን በሰላም ተገናኘን። አዲሱን ዓመት ከተቀበልን ገና ሳምንት መሆኑ ነው። ጥቅምት እንደገባ ደግሞ የኤልክ፣ የዚያ ትልቅ የአሜሪካ አጋዘን፣ የመጀመሪያው የጠመንጃ ወቅት ይከፈታል። ግማሾቻችሁ ድንኳኑን ከጋራዥ እንዳወጣችሁ አውቃለሁ።

አዘጋጆቹ ስለ አረር አመራረጥና ጥይትን ቤት ውስጥ ስለ መሙላት፣ ማለትም በተተኮሰ ቀለህ ላይ አዲስ ባሩድና አረር ስለ መግጠም፣ ተናገር ብለውኛል። እናገራለሁ። ግን የመጣሁት አንድ ነገር ላወጣ ነው። እዚያ ኋላ የተቀመጡት ሦስት ወንድሞቼ ታሪኩን ያውቁታል፤ አብረውኝ ነበሩ። ለእናንተ ሙሉውን ነግሬያችሁ አላውቅም።

ሦስት ዓመት ሆነው። ሁለተኛው ወቅት ነው። ከጋኒሰን ከተማ በላይ፣ 10,000 ጫማ አካባቢ ከፍታ ላይ ጥድ ውስጥ ነን። ሌሊቱን በረዶ ጥሎ አድሯል። የያዝኩት 338 ዊንቼስተር ማግነም ነው፤ አረሩ 0.338 ኢንች ስፋት ያለው ኃይለኛ ጠመንጃ። ለዚያ ጠመንጃ ቴሌስኮፕ ለመምረጥ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። አረሩን የመረጥኩት ግን ሱቅ ውስጥ ቆሜ በአምስት ደቂቃ ነው። ክብደቱ 200 ግሬን (አረር የሚመዘንበት ትንሽ መለኪያ ነው)፣ ጫፉ ፕላስቲክ፣ የመዳብ ልባሱ ስስ። የወደድኩት ፍጥነቱን ነው። ቤት ሞልቼው በሰከንድ 900 ሜትር ገደማ ሲሄድልኝ፣ ታስታውሱ እንደሆነ፣ ለግማሾቻችሁ ስልክ ደውያለሁ።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ኤልኩ ከጥዱ መሃል ብቅ አለ። ትልቅ ወንድ ነው። 60 ያርድ አይሞላም። ከአፍንጫው የሚወጣው እንፋሎት ይታየኛል። ትከሻው ላይ አነጣጥሬ ምላጩን ሳብኩ። ተንበረከከ። ወዲያው ተነሥቶ ጫካው ውስጥ ገባ።

መጀመሪያ በረዶው ላይ ደሙ ደህና ይታይ ነበር። ሁለት መቶ ርምጃ ስንሄድ እየሳሳ መጣ። ሸለቆውን ስንወርድ እዚህም እዚያም ጠብታ ብቻ ሆነ። እነዚህ ወንድሞቼ የራሳቸውን አደን ትተው ዓይን እስኪይዝ አብረውኝ ፈለጉ። ማታ ድንኳን ገብተን ማንም እህል አልቀመሰም። የተፈተፈተው ድርቆሽ እንዳለ አደረ። እኔ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እዚያ ብርድ ውስጥ፣ እኔ ያቆሰልኩት እንስሳ በሕይወት እንዳለ አውቃለሁ።

በማግስቱ ቦታውን ያሳዩን ቁራዎች ናቸው። ኮዮት፣ የአሜሪካው ቀበሮ፣ ቀድሞናል። የተረፈ ሥጋ አልነበረም ብል ይቀላል።

ትከሻው ግን ነበር። ቆዳውን ገፍፌ ቁስሉን በጣቴ ተከተልኩት። ቡጢ የሚያስገባ ጉድጓድ ነው፤ ጥልቀቱ ግን አራት ጣት አይሞላም። ከሥሩ ያለው የጎድን አጥንት አልተሰበረም። ሥጋው መሃል የእርሳስ ብናኝ፣ የአጥንት ስብርባሪና የመዳብ ቅጥልጣይ አገኘሁ። ይኸው፣ ይቺ ናት። ከፊት ያላችሁ ተቀባበሏት። የጣቴን ጥፍር አታክልም። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህች ከረጢት አድርጌ አብራኝ ትዞራለች።

ያነጣጠርኩበት ቦታ ልክ ነበር። አረሩ ነው ያላለፈው። በቅርብ ርቀት፣ በዚያ ፍጥነት፣ ስስ አረር ትልቅ አጥንት ሲያገኝ ይበታተናል። በጣም የወደድኩት ፍጥነት ራሱ ነው ያፈራረሰው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። አባቶቻችን ሲፎክሩ ሰምተን ነው ያደግነው። የገደለውን እየቆጠረ ዘራፍ ይላል። «አቁስዬ አመለጠኝ» ብሎ ሲፎክር የሰማችሁት ሰው አለ? የለም! ታዲያ እኛ ለምንድን ነው በፍጥነት የምንፎክረው? «የኔ 3,000 ጫማ በሰከንድ ይሄዳል፣ ያንተስ?» ይባባላል ሰው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ፣ በቡናው ሰዓት፣ ዛሬ ጠዋት ሰምቻለሁ። ኤልኩ ፍጥነቱን አያውቀውም። የሚያውቀው የደረሰበትን ጥልቀት ነው።

አሁን ወደ ምርጫው ልግባ። የኮሎራዶ ሕግ ለኤልክ አረሩ ቢያንስ 85 ግሬን ይሁን ይላል። ያ ወለሉ ነው። መካከለኛ አፈሙዝ የያዘ ሰው፣ ማለትም 338፣ 35 ዌለን፣ 9.3፣ 375 ከሚባሉት የጥይት ዓይነቶች አንዱን የያዘ ሰው፣ ጠመንጃው የተሠራለትን ሥራ ይጠይቀው። 9.3 በ62ን የበርሊኑ ጠመንጃ ሠሪ ኦቶ ቦክ በ1905 ሲያወጣው የታወቀበት አረር 286 ግሬን ነው። 375 ኤች ኤንድ ኤች በ1912 ሲወጣ ስሙን የገነባው በ300 ግሬን ነው። እነዚያ ሰዎች ስለ ፍጥነት ሳያውቁ ቀርተው አይደለም።

አንድ ስሌት ልንገራችሁ፤ ከባድ አይደለም። የአረሩን ክብደት በፓውንድ ውሰዱ (7,000 ግሬን አንድ ፓውንድ ነው)፤ ስፋቱን በኢንች ለክታችሁ በራሱ አባዙት፤ ክብደቱን በዚያ አካፍሉት። የኔ 200 ግሬን 0.250 ይመጣል። በዚያው አፈሙዝ 250 ግሬን 0.313 ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል፣ አሠራሩ እኩል ከሆነ፣ አረሩ ጠልቆ ይገባል። ዛሬ የምሞላው 250 ነው። በሰከንድ 800 ሜትር ገደማ ይወጣል። እስከ 300 ያርድ ከፈጣኑ ጋር ያለው የመውረድ ልዩነት ጥቂት ኢንች ነው። ሲተኮስ የተኳሹን ትከሻ ይመታል፣ አልዋሽም። ለኔ ግን ይሻለኛል።

ክብደት ብቻውንም አይበቃም፤ አሠራሩን እዩ። በ1946 ጆን ኖዝለር የሚባል አሜሪካዊ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ሙስ፣ ከኤልክም የሚገዝፈውን አጋዘን፣ ሊያድን ሄደ። የያዘው ፈጣን 300 ማግነም ነው። ሙሱ ጭቃ የደረቀበት ነበር። አረሮቹ ትከሻው ላይ እየተሰባበሩ አልገባ አሉት። ሰውየው ቤቱ ተመልሶ መሃሉ ላይ የመዳብ ግድግዳ ያለው አረር ሠራ። የፊቱ እርሳስ እንደ እንጉዳይ ይከፈታል፣ የኋላው ግን ከግድግዳው ጀርባ እንዳለ ወደፊት ይገፋል። ፓርቲሽን ብሎ በ1948 ለገበያ አወጣው። የሱ ችግር በኔ ላይ ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ ደረሰ። መልሱ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ እኔ የካርቶኑን ፍጥነት አነብ ነበር። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ወደ መሙላቱ ልለፍ። እዚህ ላይ ደግሞ ትንሽ ልቆጣ ነው፤ ታገሡኝ።

አያቴ ውጅግራ ነበረው። ቀለህ አይጥልም። የተተኮሰውን ሰብስቦ በቆዳ ከረጢት ያስቀምጥ ነበር፣ ተመልሶ ይሞላልና። ባሩድ የሚቀበለው ግን ከሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። እናቴ ስትነግረኝ፣ ገበያ ላይ ከማያውቀው ሰው ከሚገዛ ባዶ እጁን ቢመለስ ይመርጥ ነበር። ሚዛን እንኳ አልነበረውም። እኛ የግሬን አንድ አሥረኛ የሚለካ ሚዛን አለን። እና ምን እናደርጋለን? የባሩድ መጠን በቴሌግራም እንላላካለን!

ባለፈው ክረምት አንድ ወንድማችን ከግሩፑ ላይ ቁጥር ወስዶ ሞላ። ቁጥሩን የላከው ሰው የሚጠቀመው እርሳስ ያለበት አረር ነው። እሱ የሞላው ሙሉ መዳብ። ክብደታቸው እኩል ነው፣ 225። ግን መዳብ ከእርሳስ ይቀልላል፤ ስለዚህ በእኩል ክብደት አረሩ ይረዝማል፣ ቀለሁ ውስጥ ገብቶ የባሩዱን ቦታ ይይዛል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ሲተኩስ መዝጊያው አልከፈት አለ። ፕራይመሩ፣ ባሩዱን የሚለኩሰው የቀለሁ ቂጥ ላይ ያለው ክዳን፣ እንደ ሳንቲም ተለጥጧል። ዓይኑን እግዜር ነው ያተረፈለት።

እለምናችኋለሁ፤ አይ፣ ልመና አይደለም። ይህ ነገር ዛሬ ይቁም! ግሩፑ ላይ የሰርግ ጥሪ ላኩ፣ የልቅሶ ላኩ፣ የዕድር ላኩ። የባሩድ መጠን አትላኩ። ለያዛችሁት አረር የወጣውን መጽሐፍ ክፈቱ፣ ከዝቅተኛው ጀምሩ፣ በጥቂቱ ውጡ፣ መዝጊያው ሲከብዳችሁ ወይም ፕራይመሩ ሲለጠጥ ወደ ኋላ ተመለሱ። ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ዓይነት በላይ ባሩድ አይቀመጥ። ይህን ለማለት ነው ከኦሮራ የመጣሁት።

ማግነም የምትሞሉ ሰዎች፣ ቀለሁ ከታች ያለውን ቀበቶ፣ ዙሪያውን የከበበውን ወፍራም ቀለበት፣ እዩት። ከቀበቶው ከፍ ብሎ ያለው ግድግዳ በየመተኮሱ ይሳሳል፣ በኋላም ይበጠሳል። እኔ የወረቀት ክሊፕ ዘርግቼ ጫፉን በጥቂቱ አጥፌ ቀለሁ ውስጥ አስገባለሁ። ከታች ወደ ላይ ስስበው ጫፉ ጎድጎድ ያለ ነገር ከያዘው፣ ያ ቀለህ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። ቀለሁን ለመሙላት ቅርጹን ስታስተካክሉም ትከሻውን፣ ማለትም ወደ አንገቱ የሚጠብበትን ቦታ፣ ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ አትግፉት፤ መሳሳቱ የሚፈጥነው በዚያ ነው።

ስለ እርሳስ አንድ ቃል። ክትፎ ቤታችሁ ይሠራል። የሚበታተን የእርሳስ አረር ዓይን የማያየው ፍንጣሪ ሥጋው ውስጥ ይተዋል። በ2008 በሰሜን ዳኮታ ለችግረኞች የተለገሰ የአጋዘን ሥጋ በዚሁ ምክንያት እንዲጣል የጤና መሥሪያ ቤቱ መክሮ ነበር። ሕፃናት የሚበሉት ከሆነ ሙሉ መዳብ ምረጡ፤ ስለሚረዝም በክብደት አንድ ደረጃ ዝቅ በሉ፣ 250 የነበረው 225 ይበቃዋል። የኔ ባለቤት የምትቀበለኝ አሁን እሱን ብቻ ነው፣ ስለዚህ ዘንድሮ ግማሹን በመዳብ ሞልቻለሁ።

ጊዜዬ አልቋል። የመጀመሪያውን ፕሬስ፣ ጥይት የምንሞላበትን መሣሪያ፣ ጋራዣቸው ውስጥ የተከሉልን፣ እኛ ስድስት ሆነን በአንድ ሚዛን ስንሻማ የታገሡን ታላቃችን እዚህ ፊት ተቀምጠዋል፤ እናመሰግንዎታለን ጋሼ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ መተኮሻው ሜዳ ላይ ነኝ። ሚዛኔን፣ ሦስት የመሙያ መጻሕፍትና አንድ ሙሉ ፓኬት የወረቀት ክሊፕ ይዣለሁ። ቀለሆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፣ አንድ በአንድ አብረን እንያቸው።