ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ማን ይቀድማል?

በሽተኛ ይዛችሁ ድንገተኛ ክፍል ደረሳችሁ እንበል። እየጠበቃችሁ ሳለ ከኋላችሁ የመጣ ሰው ቀድሟችሁ ገባ። ያናድዳል። ግን እዚያ ተራ የሚያዘው በመጡበት ሰዓት አይደለም።

በር ላይ የምታገኟት ነርስ ሥራዋ ትሪያጅ ይባላል። ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ ደም ግፊት፣ ሙቀትና ንቃት ታያለች፤ ከዚያ ቀለም ትሰጣለች። በደቡብ አፍሪካው የትሪያጅ ስልት ቀይ ማለት አሁኑኑ፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ ውስጥ ማለት ነው። ቢጫና አረንጓዴ ይጠብቃሉ።

ቀይ ክፍል እንግባ። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ከማወቁ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል፦ አሁን ይህን ሰው ምን ሊገድለው ይችላል?

መጀመሪያ የአየር መተላለፊያው ይታያል። ራሱን የሳተ ሰው ምላሱ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ጉሮሮውን ሊዘጋው ይችላል። ሲያንኮራፋ ቤተሰብ «እንቅልፍ ወስዶት ነው» ይላል። እየታፈነ ሊሆን ይችላል! አንዳንዴ አገጩን ቀና ማድረግ ብቻ ትንፋሹን ይከፍታል። የመኪና አደጋ ከሆነ ግን አንገቱ ተጎድቶ እንዳይሆን ስለሚፈራ ጭንቅላቱ አይነቃነቅም፤ መንጋጋው ብቻ ወደ ፊት ይገፋል።

ቀጥሎ ትንፋሽ ነው፤ ካነሰው ኦክስጅን ይሰጠዋል። ከዚያ ደም። የሚደማ ቁስል አጥብቆ ተጭኖ ይያዛል። ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም ለሚፈሳት እናት ማህፀኗ ይታሻል፣ ማህፀን የሚያኮማትር ኦክሲቶሲን የሚባል መድኃኒት ይሰጣታል። የደም መፍሰስን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለው መድኃኒት ደግሞ ከወለደች በ3 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት።

ከዚያ ንቃት። እዚህ ላይ ጣት ተወግታ ስኳር ትለካለች። ይህቺን ትንሽ ምርመራ በጣም እወዳታለሁ። «ሰክሯል» ወይም «ስትሮክ መታው» የተባለ ሰው ስኳሩ ወርዶበት ሊሆን ይችላል። ግሉኮስ በደም ሥሩ ሲገባለት ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይነቃል። ሳይለካ ቢታለፍ ግን አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል።

በመጨረሻ ልብሱ ወልቆ መላ ሰውነቱ ይታያል፤ ጀርባ ላይ የተደበቀ ቁስል እንዳይቀር።

አስታማሚ ከሆናችሁ የሚወስደውን መድኃኒት ከነማሸጊያው ይዛችሁ ኑ። ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የነበረበትን ሰዓትም ተናገሩ፤ ስትሮክ ከሆነ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ ነው። ተራ እየጠበቀ ከባሰበት ደግሞ ዝም አትበሉ፣ ነርሷን ጥሩ። እንደገና ትለካዋለች፤ ቀለሙም ሊቀየር ይችላል።