ጨው አምጡ፣ በሬውንም አብሉ

የተከበራችሁ ቄሶች፣ አባቶችና እናቶች፣ ልጆቻችንም፣ ሻሎም።

ካቫና ማለት ልብን ወደሚሠሩት ነገር ማቅናት ነው። ዛሬ ዛሬ ዓይን ጨፍኖ ትንፋሽን ማዳመጥ በየቦታው ይሰጣል፤ አይከፋም። ሃላኻ፣ የአይሁድ ሕግ፣ ግን ልብን ሊይዝ ሲነሣ የሚጀምረው ከእጅ ነው። እስቲ ዳቦ ስንቆርስ የሚሆነውን እንመልከት።

ለኔቲላት ያዳይም፣ ከዳቦ በፊት ላለው የእጅ መታጠብ፣ ጠርዙ ያልተሸረፈ፣ ቢያንስ 86 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ያስፈልጋል፤ አጥባቂዎቹ 150 ይላሉ። ውኃው ቆዳውን ሁሉ እንዲነካ ቀለበት ይወልቃል። ቀኝ እጅ ይቀድማል፣ ግራ ይከተላል፣ እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ፤ ሦስት የሚያደርጉም ብዙ ናቸው። የመታጠቡ ብራኻ (ቡራኬ) እጅ ከመድረቁ በፊት ይባላል። ከዚያ ዝም ነው። ሁለቱ እጆች ዳቦው ላይ ያርፋሉ፦ አሥር ጣት፤ የዳቦው ብራኻ «ሃሞጺ»ም በዕብራይስጡ አሥር ቃል።

የሚበላሸው ዝምታው ላይ ነው። አሥራ ሁለት ሰው በአንድ ኩባያ ሲሰለፍ መጀመሪያ የታጠበው ቆሞ ይጠብቃል፣ ልጆች ይሳሳቃሉ፣ ወሬ ይጀመራል። ሁለት ኩባያ አዘጋጁ፤ ትንንሾቹ መጨረሻ ይታጠቡ፣ ጥበቃው እንዲያጥርላቸው።

ከሃሞጺው እስከ መጀመሪያው ጉርሻ ሌላ ወሬ ያወራ ሰው እንደገና ይባርካል። የማዕዱ ንግግር ግን አይቆጠርበትም። በታልሙድ፣ በጥንት ራቢዎች የሕግ ውይይት መጽሐፍ፣ በራኾት በሚባለው ክፍል ቅጠል 40 ላይ፣ «ጨው አምጡ» ማለት አያቋርጥም ተብሏል። የታልሙዱ መምህር ራቭ ሼሼት ደግሞ «ለበሬዎቹ ፉርሽካ ለውሱ» ቢልም አያቋርጥም ይላሉ። ከብቱን ሳያበላ መብላት ለሰው አልተፈቀደለትምና የበሬው ራት ከማዕዱ ይቆጠራል። ታልሙድ በጎንደር መንደሮቻችን አልነበረም፤ ይህን ግን ከእርሻ የገባ ገበሬ ሁሉ ያለ አስተማሪ ይረዳዋል። ካቫና ያለው ሰው በሬውን ቢያስብ ያምርበታል። የነገ ስብሰባውን ሲያስብ ነው ችግሩ።

የጥንቱ መምህር ራቢ መኢር በቀን 100 ብራኻ ይገባል ብለዋል። በሥራ ቀን ዓሚዳ፣ ቆመው የሚጸልዩት ጸሎት፣ ብቻውን፣ 19 ብራኻ ሦስት ጊዜ፣ 57 ይሞላል። በሻባት (በሰንበት) እያንዳንዱ ዓሚዳ 7 ብቻ ስለሆነ የቀኑ አራቱ 28 ናቸው፤ ጉድለቱ በፍራፍሬና በመልካም ሽታ ብራኻ ይሞላል። ዓርብ ገበያ ስትወርዱ ሮማንም ናናም ያዙ። ፍሬውን ሁሉ በአንድ ሳህን አታቅርቡት፤ አንዱ ብራኻ ሌላውን ይጠቀልለዋል። ናናውን ጧት አሽትቱ፣ ሮማኑን ለከሰዓት አቆዩት።