የኤች አይ ቪ ኪኒናችሁን ከጨጓራ መድኃኒት ጋር አንድ ላይ አትዋጡ

እንደምን አላችሁ ወገኖቼ? ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ብዙዎቻችሁ በመድኃኒት መስጫው መስኮት ታውቁኛላችሁ። እዚያ ግን በደንብ አናወራም። ከኋላ ሰልፍ አለ፤ የሚሰማ ጆሮም አለ። ዛሬ እዚህ ተረጋግተን እንነጋገር።

አብዛኞቻችሁ ለኤች አይ ቪ በቀን የምትወስዷት አንዲት ኪኒን በውስጧ ሦስት መድኃኒት አላት፤ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር። ቫይረሱ ዘሩን ከእኛ ዘረ መል ጋር ለማጣበቅ ማግኒዝየም ይፈልጋል። ዶሉቴግራቪር ይህንኑ ማግኒዝየም ይዞ ሥራውን ያስቆመዋል። ታዲያ ብዙ የሚታኘክና የሚጠጣ የጨጓራ መድኃኒትም ማግኒዝየምና አሉሚኒየም አለው። አብራችሁ ከወሰዳችሁት ዶሉቴግራቪር እዚያው ሆድ ውስጥ ይያዛል፤ ደም ውስጥ በቅጡ ሳይገባ ይወጣል።

አንዲት እናት ነበሩ። አንድም ቀን አላቋረጡም፤ የቫይረሱ መጠን ግን ከፍ ብሎ ተገኘ። "በትክክል አይወስዱም" ብለን ጠረጠርናቸው። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ያመኛል። ለካ ጨጓራቸውን ባቃጠላቸው ቁጥር ከሰፈር የሚገዙትን ከኪኒናቸው ጋር አብረው ይወስዱ ነበር።

ስለዚህ ኪኒናችሁን ከጨጓራው መድኃኒት 2 ሰዓት ቀድማችሁ፣ ካልሆነም 6 ሰዓት ቆይታችሁ ውሰዱ። ሌላው የጨጓራ መድኃኒት፣ ኦሜፕራዞል ግን ከዚህች ኪኒን ጋር ይህ ጣጣ የለበትም። ነፍሰ ጡር እህቶቼ፣ አይረንና ካልሲየምም እንደዚያው ናቸው፤ ከምግብ ጋር ከሆነ ግን አንድ ላይ መዋጥ ይቻላል።

ስኳር ያለባችሁ፣ ዶሉቴግራቪር የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚንን በደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋል። ብዙውን ጊዜ ሜትፎርሚኑን በቀን ከ1000 ሚሊግራም አናሳልፍም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ማለትም ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን ወይም ካርባማዜፒን የምትወስዱ ደግሞ ንገሩን። እነዚህ ዶሉቴግራቪርን ያዳክሙታል። በራሳችሁ ግን አንዱንም እንዳታቆሙ፤ አደራ!

የቲቢው ሪፋምፒሲንም ያዳክመዋል። ጉበት መድኃኒቱን ቶሎ እንዲያስወግደው ያደርጋል። ለዚህ ነው ኪኒኗ ከተወሰደች ከ12 ሰዓት በኋላ 50 ሚሊግራም ዶሉቴግራቪር ለብቻው የምንጨምረው። ሪፋምፒሲኑ ካለቀም በኋላ 2 ሳምንት ይቀጥላል።

ሌላ ክሊኒክ ስትሄዱ "ሰው ያውቅብኛል" ብላችሁ ኪኒናችሁን እንደምትደብቁ አውቃለሁ። አልፈርድባችሁም። መናገር ከከበዳችሁ የታዘዘላችሁን ይዛችሁ፣ ሳትጀምሩት ወደ እኛ ኑ። ዛሬም በቦርሳው ኪኒን የያዘ ካለ፣ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ጋ እስከ ማታ አለሁ። አንድ በአንድ እናየዋለን።