ጂኑን ማን ይበላዋል?

እሺ፣ ሰላም ናችሁ? ዛሬ የመግቢያ ሙዚቃ የለም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ድሬ ገና አልበረደችም። ማራገቢያውን አጥፍቼዋለሁ፣ ድምፁ ይረብሻል ብላችሁኛል። እና ቶሎ ቶሎ ላውራ።

ስለ ልብ ወለዴ መጨረሻ ምዕራፍ ነው፣ ወራባ የሚባለው ጅብ ባለስፌቷን ወድዶ ሰው ስለሚሆንበት። ቴሌግራም ላይ "መቼ ነው? መቼ ነው?" የምትሉትን አያለሁ። ተጽፏል። ሰማያዊው ደብተር ላይ ሙሉው አለ። ግን ልለጥፈው አልቻልኩም። ሐረር ላይ አንዲት እናት አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ ከዚያ ወዲህ ደብተሩን ስከፍት የሚሰማኝ የሳቸው ድምፅ ነው።

ለስፌቱ ትዕይንት ብዬ ነው የሄድኩት። ባለስፌቷ ስትሰፋ እጇ እንዴት እንደሚሄድ ማየት ነበረብኝ። ታውቁኛላችሁ፣ ያላየሁትን እጅ መጻፍ አይሆንልኝም። ጅብ ሰው ሲሆን እጽፋለሁ፤ ወስፌ የያዘ እጅ ግን ካላየሁ አልችልም። ፋንታሲ ሲባል ብዙ ሰው ዝም ብሎ መፍጠር ይመስለዋል። እኔ ሌላው ሁሉ እውነት ካልሆነ ጅቡን ማንም አያምነኝም ባይ ነኝ። ምንጣፉ እውነት ይሁን፣ ሆጃው፣ የሐረሮቹ ትኩስ መጠጥ፣ እውነት ይሁን፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፈው መንገድ እውነት ይሁን። ጅቡ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

መንገዱን ልዝለለው። አይ፣ አንዷን ብቻ። ደንገጎን ወጥታችሁ አየሩ ሲቀየር፣ ከዚያ ወደፊት ሐረማያ አለ አይደል? ሐይቁን አየሁት። ውሃ አለው! ልጅ ሆኜ እኮ "እዚህ ሐይቅ ነበር" እየተባለ ሜዳ ነው ያሳዩን። ለመስኖ ተሳበ፣ ለከተማ ተሳበ፣ ደለል ሞላው፣ ደረቀ። አሁን ተመልሷል። በሁለተኛው መጽሐፍ ያለው አኩርፎ የሄደ ሐይቅ ከዚህ የመጣ ነው። "እንዴት አሰብሽው?" ትሉኛላችሁ። አላሰብኩትም። ሐይቁ ሄዶ ነበር፣ ተመለሰ። በቃ።

እና ጀጎል ገባሁ፣ በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ሐረር። ቤቱ የድሮ የአደሬ ቤት ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስፌት። ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይላሉ። የፍቅር ጸሐፊ ይሄን አይታ እንዴት ዝም ትላለች? ከጎን ክርታት አለች፣ ሙሽሮች የሚከርሙባት ጠባቧ ክፍል። የኔ መጨረሻ ምዕራፍ እዚያች ክፍል ውስጥ ነው የሚያልቀው። ነደባው ላይ፣ ማለት በእርከን የተሠራው መቀመጫ ላይ፣ ተቀመጥኩ፣ የታችኛው እርከን ላይ። ነደባ ላይ ማን የት እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው። ባለስፌቷ ወራባን "ና፣ ከጎኔ" ያለችበት ቦታ ያስለቀሳችሁ ለዚህ ነው። ምክንያቱም ወራባ በተቀላቀለበት መንጋ ውስጥ ምንም ነው። የጅብ መንጋ የምትመራው ሴት ናት። ግልገሎች የእናታቸውን ማዕረግ ይወርሳሉ። ከሌላ መንጋ የመጣ ወንድ ከሁሉም በታች ነው፣ ትንሿ ግልገል ሳትቀር ትቀድመዋለች። ይሄን እኔ አልፈጠርኩትም፣ ጅቦች እንዲህ ናቸው። እድሜውን ሙሉ መጨረሻ ላይ የበላ ፍጥረት፣ አንዲት ሴት ከጎኗ ቦታ ስትሰጠው… እሱን ትዕይንት እወደዋለሁ። እስካሁን ሳነበው ጉሮሮዬን ይዘጋኛል።

እና እናታችን እየሰፉ ነው። አክርማው እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ተጠቅልሎ ከጎናቸው አለ። ወስፌው ይወጋል፣ አክርማው ይገባል፣ ይስባሉ። ይወጋል፣ ይገባል፣ ይስባሉ። እጃቸውን እያየሁ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። የልጅ ልጃቸው ሆጃ አመጣችልኝ። እሷ ናት "አያቴ፣ ታሪኩን ትንገርሽ" ያለችው። ነገርኳቸው። ረጅም ነው፣ ግን አሳጥሬ ነገርኳቸው። ግንቡን አሚር ኑር ሲያሠሩ ለጅብ ተብሎ የተተወው ቀዳዳ፣ በዚያ ቀዳዳ ሌሊት ሌሊት የሚገባው ወራባ፣ በመስኮት የምታየው ልጅ። አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ደስ እንዳላቸው ያስታውቃል። በአሹራ በዓል ላይ ለጅቦች ገንፎ በቅቤ የሚቀርብበት ጋ ስደርስ ራሳቸው አረሙኝ፣ ቅቤው እንዴት እንደሚፈስ ነገሩኝ።

ከዚያ መጨረሻውን ነገርኳቸው። ወራባ ሰው ሆኖ ይቀራል። ለዘላለም። ክርታት ገባ፣ በሩ ተዘጋ፣ አለቀ።

እጃቸው ቆመ። ወስፌው ስፌቱ ውስጥ እንደተሰካ ቀረ። ቀና ብለው አዩኝና፦

"ሰው ሆነ። ደግ። ጂኑን ማን ይበላዋል?"

እኔ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። የልጅ ልጃቸውም አልሳቀችም፤ አያቷን ነው ያየችው። ታውቃላችሁ አይደል፣ ሐረር ላይ ጅብ ሌሊት የሚገባው አጥንት ለመልቀም ብቻ አይደለም። ጂን ይበላል ይላሉ። ከተማዋን ያጸዳል። ይሄን እኔም አውቃለሁ፣ አንደኛው መጽሐፍ ላይ ጽፌዋለሁ! እና "እናቴ፣ ሌሎች ጅቦች አሉ እኮ" አልኳቸው።

"ሌላው የራሱን መንገድ ይሄዳል ልጄ። የሱን መንገድ ማን ይሄድለታል?"

ከዚያ ወስፌያቸውን ነቅለው ቀጠሉ። ስለ ቅቤው ነገር መልሰው አወሩኝ። ለሳቸው ያለቀ ነገር ነው። እኔ ግን እዚያው ነደባ ላይ ቀረሁ። እስካሁን እዚያው ነኝ።

እናንተ፣ ያቺን ቅጽበት ስንቴ እንደደጋገምኳት። እጃቸው የቆመው ለምንድነው? አንዳንዴ ስለ ጂኑ የምር አስበው ነው እላለሁ። የሚኖሩበት ከተማ ነው፣ ሌሊት የሚያልፈው በሳቸው ደጃፍ ነው። አንዳንዴ ደግሞ የሚያስቡት ሌላ ሰው ነበር እላለሁ። አግብቶ ሥራውን የተወ ሰው። ወይም እሳቸው ራሳቸው የተዉት ነገር። "ደግ" ሲሉ ድምፃቸው ወረድ አለ። እርግጠኛ አይደለሁም። ድምፁን መቅዳት ነበረብኝ፣ ግን በእንግድነት ሰው ቤት ገብቶ ስልክ መደቀን አልወድም።

ሁለተኛውን ደብተር ታውቁታላችሁ፣ የሕጉን። መጻፍ ሳልጀምር ሕጉን ነው የምጽፈው። ማን ምን ይችላል፣ ምን ያስከፍለዋል። ፍቅሩን ቀን ከዚራ ካፌ ዛፍ ሥር እጽፋለሁ፣ ሰው እየተንጫጫ። ሕጉን ግን ሌሊት፣ ብቻዬን። የመጀመሪያው ገጽ ላይ "አስማት በነጻ የለም" ይላል። ወራባ ሰው ሲሆን የከፈለውን ጽፌያለሁ። ማሽተቱን ያጣል። በጨለማ የሚያይበትን ዓይን ያጣል። መንጋው ሲጮህ ምን እንደሚል አይገባውም። ያንን ድምፅ ከኪሎ ሜትሮች ርቀት ይሰማው ነበር። ተከፍሏል ብዬ ዘጋሁት። ግን የከፈለው የራሱን ነው። የከተማውን ሒሳብ ማንም አልከፈለም።

እና ዋናው ነገር እሱ ይመስለኛል። በፍቅር ታሪክ ሁለቱ ተገናኝተው በር ሲዘጋ እናጨበጭባለን። ከበሩ ውጪ የቀረውን ሥራ ማንም አይጠይቅም። እኔም ስንቴ እንደዛ አንብቤ አልቅሻለሁ። ደግሞ ደስ ይለኛል! ይሄን አልክድም። ሰው በስንት መከራ መጥቶ መጨረሻ ላይ ደስታ ይገባዋል። እናንተም ከሥራ ውላችሁ፣ በሙቀት ደክማችሁ የምታነቡት ለሱ ነው። እኔ ያንን የመንጠቅ ፍላጎት የለኝም።

አንዳንዶቻችሁ "ታዲያ ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ ይሁን" ትሉ ይሆናል። አይሆንም አቦ። እሱን በፍጹም አልጽፈውም። በመሀል አገር "ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል" እየተባለ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው የደረሰበትን ግፍ አስቡ። በሐሜት ብቻ ስንት ሰው ጎረቤት አጥቷል፣ ስንት ልጅ ትዳር ተከልክሏል። ለዚህ ነው ከመጀመሪያው ወራባን ጅብ ሆኖ የተወለደ ያደረግኩት። ሰው ሆኖ ጅብ የሚሆን አይደለም። ያቺን መስመር አላልፍም። ለመጨረሻ ምዕራፍ ብዬም አላልፋትም።

ጅብ ሆኖ ይቅር? ያኔ እሷስ? በመስኮት እያየችው ታርጅ? እሱን አንድ ሌሊት ሞክሬው ነበር። ጽፌ ጨረስኩት፣ ድምፄን አውጥቼ አነበብኩት፣ ተናደድኩ። የምር ተናደድኩ። ለምንድነው ሁሌ አንዱ ያለውን ጥሎ ካልመጣ ፍቅር የማይሆነው? ማን ነው እንዲህ ያለው? "ካፈቀርሽኝ ነይ" ይባላል። "እመጣለሁ፣ ግን የያዝኩትን ማን ይዞልኝ?" ብትዪ ፍቅርሽ ጎደለ ይባላል።

እ… የጅቡቲውን ጉዳይ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ዛሬ ወደዛ አልሄድም። ባቡሩ አለ፣ መንገዱ ሩቅ አይደለም፣ ሁሉም ሰው ይሄን ይለኛል። ርቀቱ አይደለም እኮ። እሺ፣ አልሄድም አልኩ።

ወደ ምዕራፉ። አሁን ከመቅዳቴ በፊት ያሰብኩት አንድ ነገር አለ፣ ገና ጥሬ ነው። ጥያቄው ሁሌ ለሱ ነው የተጠየቀው። ለሷስ? ባለስፌት ናት። ክዳን ያለው ሙዳይ ትሰፋለች። ስፌት ጂን መያዝ ቢችል? እሷ ሌሊት የሱን መንገድ ብትሄድ፣ እሱ እያሳያት፣ በዚህ ታጠፊ፣ እዚህ ቁሚ እያለ… አፍንጫው ባይሠራም መንገዱን እግሩ ያውቀዋል። ይሄ ደስ ይላል አይደል? አብረው ይሄዳሉ። ከክርታት ይወጣሉ። በሩ አይዘጋም።

ግን ያስከፍላል። ሕጉ ሕግ ነው። እሷን ምን ያስከፍላታል? እጇን እንዳልል፣ እጇን ከወሰድኩባት ምን ቀረላት። እንቅልፏን? ሌሊት ከሄደች ቀን አትሰፋም። ካልሰፋች ሙዳዩ ከየት ይመጣል? እና ያኔ ሥራዋን የተወችው እሷ ሆነች ማለት ነው። እና ምኑ ተሻሻለ?

እንጃ። ለሐሙስ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ሐሙስ ምናልባት የወራባን እናት ክፍል ብቻ ልለጥፍ፣ እሱ ለብቻው ይነበባል። ወይም ደግሞ ሁሉንም እንዳለ… አይ። ሙዳዩ ግን ክዳኑ ቢሆንስ? ክዳኑን እሱ ቢይዘው፣ እሷ ሙዳዩን…