ገንዘቡ ሄደ ወይስ አልሄደም?

ሀ፦ ሰው ሞባይል ባንኪንግ የሚጀምረው አፑ ቀላል ስለሆነ ነው ይባላል። አንቺ ግን አትስማሚበትም።

ለ፦ ቀላል መሆኑ ብቻውን አያስጀምርም። ተመራማሪው ፍሬድ ዴቪስ በ1989 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የቴክኖሎጂ ተቀባይነት ሞዴል ሁለት እምነቶችን ለየ፤ «ይጠቅመኛል» እና «አያስቸግረኝም»። ከአጠቃቀም ጋር ይበልጥ ተቆራኝቶ የተገኘው የመጀመሪያው ነው። ወረፋ የቀረለት ሰው አፑ ቢያታክተውም ይታገለዋል።

ሀ፦ በ2003 እ.ኤ.አ. እነቬንካቴሽ የሚባሉ ተመራማሪዎች የዴቪስን ጨምሮ ስምንት እንዲህ ያሉ ሞዴሎችን ሲያዋህዱ ደግሞ የቅርብ ሰዎች ተጽዕኖና ምቹ ሁኔታ ገቡ። ምቹ ሁኔታ ጎደለ የምለው ለምሳሌ ስልኩ ላይ ነው፤ አፑ የማይሠራበት አሮጌ አንድሮይድ፣ የሞላ ሚሞሪ፣ የሚቆራረጥ ኔትወርክ።

ለ፦ እኔን የሚያሳስበኝ መቆራረጡ ነው። አስበው እስቲ፤ ሰውየው የሂሳብ ቁጥር ሞላ፣ መጠኑን ጻፈ፣ ፒን አስገባ፣ «ላክ» የሚለውን ነካ። ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ከዚያ «ስህተት ተፈጥሯል»።

ሀ፦ ገንዘቡ ግን ሄዶ ሊሆን ይችላል።

ለ፦ አዎ! ትእዛዙ ባንኩ ጋር ደርሶ ተፈጽሟል፤ መንገድ ላይ የቀረው ወደ ስልኩ የሚመለሰው መልስ ነው። ሰውየው አልሄደም ብሎ ደግሞ ይልካል፣ ሁለቴ ይቆረጥበታል። ከዚያ ወዲያ በየትኛው ማስታወቂያ ይመለስ?

ሀ፦ አፑን የሚሠሩት ይህን ማስቀረት ይችላሉ እኮ። እያንዳንዱ ዝውውር ገና ሳይላክ ልዩ ቁጥር ይሰጠው፤ ድጋሚ ሙከራውም ያንኑ ቁጥር ይያዝ። የባንኩ ሰርቨር ቁጥሩን ቀድሞ ካየው እንደገና አይቆርጥም፣ የፊተኛውን ውጤት ይመልሳል።

ለ፦ ስክሪኑም እውነቱን ይናገር፦ «ውጤቱ ገና አልታወቀም፤ ደግመው አይላኩ።»

ሀ፦ ተጠቃሚውስ?

ለ፦ የዝውውር ታሪኩንና ቀሪ ሂሳቡን ይይ። «በሂደት ላይ» የሚል ካገኘ የግብይት ቁጥሩን ይዞ ባንኩን ይጠይቅ። የመጀመሪያ ዝውውሩ ደግሞ ትንሽ ገንዘብ ይሁን፣ አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው፤ የተቀባዩን ስም ስክሪኑ ላይ ሳያነብ ፒን አያስገባ። የዚያኛው ስልክ ሲጮህ መስማት ከማብራሪያ ሁሉ ይበልጣል።

ሀ፦ ምዝገባው ላይም የሚበላሽ ነገር አለ። የባንኩ ሠራተኛ ለማፋጠን ብሎ ስልኩን ይቀበልና ሁሉንም ራሱ ይጨርሳል፣ ፒኑን ጨምሮ።

ለ፦ ይሄ በጣም ያናድደኛል። ደንበኛው ምኑንም ሳይነካ ይወጣል፤ ምስጢሩም ሌላ ሰው ጋር ቀረ። ስልኩ ከደንበኛው እጅ አይውጣ። ሠራተኛው የቱን እንደሚነኩ ያሳይ፣ ፒን ሲገባ ፊቱን ያዙር። አዛውንት ሆነው ቢዘገዩም በራሳቸው ጣት ይጨርሱ።