ራክማኒኖቭ የደበቀው ዜማ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ሰርጌይ ራክማኒኖቭ ላወራችሁ ነው፤ ስለ ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲና ፒያኒስት። ብዙ ሰው የሚያውቀው በሁለተኛው ፒያኖ ኮንሰርቶ ነው፤ ፒያኖና ኦርኬስትራ አብረው በሚጫወቱት ሥራው። እኔን ግን ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ዜማ ነው፤ አጭር፣ ሊያልፋችሁ የሚችል።

በፈረንጆቹ መጋቢት 1897፣ ሴንት ፒተርስበርግ። የመጀመሪያ ሲምፎኒው ለሕዝብ ቀረበ። ገና 23 ዓመቱ ነው። ኦርኬስትራው በቅጡ አልተለማመደም ነበር፤ ምሽቱ ተበላሸ። ሴዛር ኩዊ፣ ራሱም የሙዚቃ ደራሲ የሆነው፣ ሲምፎኒውን በግብፅ ላይ ከወረደው መቅሠፍት ጋር አመሳስሎ ጻፈበት። እስቲ አስቡት፣ በዚያ ዕድሜ ይህን በጋዜጣ ማንበብ!

ሦስት ዓመት ገደማ ብዕሩ ደረቀ። በ1900 ኒኮላይ ዳል የሚባል ሐኪም ዘንድ እየተመላለሰ በሂፕኖሲስ፣ ማለትም በሰመመን ሕክምና፣ ታከመ። ያን ሁለተኛውን ኮንሰርቶ የጻፈው ከዚያ በኋላ ነው፤ መታሰቢያነቱንም ለሐኪሙ አደረገው። ወደቀ፣ ታከመ፣ ተነሣ፤ ታሪኩ ሲተረክ እዚህ ላይ ያበቃል። እኔ ግን ቁስሉ ያን ጊዜ የዳነ አይመስለኝም። ምክንያቱም ሲምፎኒውን ሁለተኛ አላስደመጠውም፣ አላሳተመውምም። በ1917 መጨረሻ፣ ከአብዮቱ በኋላ፣ ቤተሰቡን ይዞ ሲሰደድ ኖታው እዚያው ቀረ፤ ከዚያም ጠፋ። አሜሪካ ውስጥ በፒያኖው እንጀራውን በላ። በሃያ አምስት ዓመት ስደት ኦፐስ ቁጥር፣ ማለትም የሥራ ተራ ቁጥር፣ የሰጣቸው አዳዲስ ሥራዎች ስድስት ብቻ ናቸው።

የመጨረሻው በ1940 የጻፈው «ሲምፎኒያዊ ዳንሶች» ነው። የዚያ የተዋረደ ሲምፎኒ ዜማ እዚህ ተመልሶ ይመጣል! ያኔ ጨለማና ቁጡ ነበር፤ አሁን ለስልሶ፣ ብርሃን ለብሶ ነው የመጣው። አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ከየት እንደመጣ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም። ታዲያ ለማን ጻፈው?

እኔም አንድ ጊዜ መድረክ ላይ አንብቤው ሰው ፊቱን ያዞረበት የግጥም ደብተር አለኝ። ሳጥን ውስጥ ነው። ይህን ከሰማሁ በኋላ አወጣሁት፣ አንድ ስንኝም ወደ አዲስ ግጥም ወሰድኩ። ከየት እንደመጣ ለማንም አልተናገርኩም፤ ዛሬ ለእናንተ ካልሆነ በቀር።

ራክማኒኖቭ በ1943 ቤቨርሊ ሂልስ ውስጥ አረፈ። የሲምፎኒው የተጫዋቾች ኖታ ሌኒንግራድ (የቀድሞዋ ሴንት ፒተርስበርግ) ውስጥ ተገኘና በ1945 ሞስኮ ላይ እንደገና ተሰማ። ዜማው ከየት እንደመጣ አድማጭ ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

ልታደምጡት ከፈለጋችሁ የ«ዳንሶቹ»ን የመጀመሪያ ክፍል ክፈቱና እስከ ማብቂያው ታገሱ። ቫዮሊኖቹ ቀስ ብለው ይገባሉ፣ ከበላያቸው ደወል የመሰለ ድምፅ ያብለጨልጫል። እዚያ ጋ ነው።