ፈርመው የወጡትንም እንጥራቸው

የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ይባርካችሁ።

ኮሚቴው «ስደት እምነታችንንና ተስፋችንን እንዴት አጸናው?» በሚል ርዕስ እንድናገር ጠይቆኛል። በደርግ ዘመን ያየሁት ስደት ግን ሁሉንም አላጸናም። ብዙውን አጸና፣ አንዳንዱን ሰበረ። በየዓመቱ እዚህ ተሰብስበን የምናወራው ስለ ጸኑት ብቻ ነው።

ስለ ጸኑት መናገር ይገባል። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ሲመቻችላቸው ምዕመናኑን ትተው መሄድን እምቢ አሉ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም ተገደሉ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ታሰሩ። ዘመኑ የጨከነው በወንጌላውያን ላይ ብቻም አልነበረም፤ ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው ዓመት ተገድለዋል። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም ሲዘጋ አምስት ሺህ ያህል የነበረው ምዕመን፣ በ1983 ወደ 34,000 ደርሶ ነበር። ለዚህ ጌታን አመሰግናለሁ። ግን ከዚህ ተነስቶ «ስደት ይሻለን ነበር» የሚል ስብከት ስሰማ ደሜ ይፈላል። እንዲህ የሚለው እስር ቤት ደጃፍ ቆሞ የማያውቅ ሰው ነው!

አንድ ወንድም ነበረን። ስሙን አልጠራም፤ የዚያን ዘመን ሰዎች ታውቁታላችሁ። የምንሰበሰበው እሱ ቤት ነበር። ደጅ ላይ የተደረደረ ጫማ ለቀበሌ ጥቆማ ነውና ጫማችንን አልጋ ሥር እንደብቃለን። ረከቦት ቀርቦ ሲኒ ይደረደራል፤ አብዮት ጠባቂ ቢያንኳኳ ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤቶች ነን። መዝሙሩን በሹክሹክታ ነው የምንዘምረው። መጽሐፍ ቅዱሱ በየክፍሉ ተገንጥሎ፣ በደብተር ሽፋን ተለብጦ ለየሰዉ ተከፋፍሏል። የዮሐንስ ወንጌል እሱ እጅ ነበር።

ግራ እጃችሁን አንስታችሁ መፈክር አላሰማችሁም ተብለን አብረን ታሰርን። ከጥቂት ወራት በኋላ ልጁ በጠና መታመሟን ሰማ። «ሃይማኖቴን ትቻለሁ» የሚል ወረቀት ቀረበለት። ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ሲያለቅስ አደረ፤ ሲነጋ ፈረመ፤ ወጣ።

በሳምንቱ ስንቅ መጣልን። እሱ ነበር ያመጣው። ከዚያም በኋላ አላቋረጠም። ምሳ ዕቃው ውስጥ፣ ከእንጀራው ሥር፣ በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ቅጠል ወረቀት እናገኛለን። ያችን የዮሐንስ ወንጌል እየገነጠለ ነበር የሚልክልን። «ልባችሁ አይታወክ» የሚለውን ገጽ እየተቀባበልን እስኪበጣጠስ አነበብነው። እምነቱ ሞቷል የምትሉኝ፣ ገጹን ማን ላከው? ቢያዝ ምን እንደሚጠብቀው እሱ ከማንም በላይ ያውቅ ነበር።

በ1983 ደጃችን ተከፈተ፤ እሱም መጣ። ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጉባኤ ፊት ቆሞ ንስሐ እንዲገባ ተጠየቀ፤ ገባ። ከዚያ ግን እጁን የሚጨብጠው ጠፋ፤ ሲያልፍ «ፈርሞ የወጣው» ይሉታል። ያን ጊዜም ተቃውሜ ተናግሬአለሁ። ቀስ በቀስ ቀረ። ካድሬው ያልነጠቀውን ተስፋ የነጠቅነው እኛ ነን! ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ካደ፤ ጌታ ከትንሣኤው በኋላ እሳት አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ ጠራው። እኛ ከማን ተምረን ነው በሩን የዘጋነው?

ስለተወረሱት ሕንፃዎችና ስለ ወጣቶች ተስፋም እንድናገር ተጠይቄ ነበር። ሕንፃው ከሞላ ጎደል ተመልሷል። ወጣቶች ደግሞ የዚያን ዘመን ታሪክ ሙሉውን ይስሙ፤ ጀግና ብቻ ከነገርናቸው፣ እነሱ የደከሙ ቀን የሚመለሱበት ቤት ያለ አይመስላቸውም።

ለታሪክ መጽሐፉ ኮሚቴ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። የታሰሩት ስም ዝርዝር ተዘጋጅቷል፤ የእሱ ስም የለበትም። ከእኛ ጋር ታስሯል፣ ከእኛ ጋር ተገርፏል። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሳይገባ ስሙ፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ፣ ይግባ። እንደ እሱ ያሉትም ይፈለጉ፤ ሽማግሌዎች ቤታቸው ድረስ ሄደው ይጥሯቸው። እኔ አብሬ እሄዳለሁ።